እርጥብ ጆንያ

አርሂባ፣ ጅቡቲ
ነሐሴ 12

ለታናሽ እህቴ፣

ጥፋተኛው ልጅሽ ጥበብ ነው። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታዬን ብቻ አንብበሽ ደብዳቤውን እንዳታጥፊው ነው። አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። አዳነም አለ። ሁለቱም እጆቹ በፋሻ እንደተጠቀለሉ ናቸው፤ የማጎርሰው እኔ ነኝ።

ወሬው ደርሶሽ ይሆናል፤ እኔ ግን በእጄ ልጻፍልሽ። ባሌ አዳነ ከባድ መኪናውን ትቶ የኤሌክትሪክ ባጃጅ መንዳት የጀመረው የባጃጁ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረው ጥበብ ገፋፍቶት ነው። ከካርቲየ 1 ሰፈር ሱቆች ዕቃ እየጫነ ሀራሙስ ላሉት ባለ ቪላዎች ያደርስ ነበር። ባትሪውን የሚያስተዳድረው ሰው አይደለም። ጥበብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይለዋል፤ የባትሪውን ጠባይ እየተማረ መቼና ምን ያህል እንደሚሞላ ራሱ ይወስናል። ሙቀት ሲበረታ ኤሌክትሪኩን ይቀንሳል። ጅቡቲ ደግሞ ሙቀት የማይበረታው መቼ ነው? አዳነ እኩለ ቀን ላይ ግቢያችን ሰክቶት እስከ አሥር ሰዓት ይጠብቃል፤ ደንበኞቹ ሌላ ይጠራሉ። ለጥበብ ብነግረው ሳቀና፣ አክስቴ፣ ባትሪውም እንዳንቺ ግልፍተኛ ነው፣ ካላስቸኮሉት አይከፋም አለኝ። ሙቀቱ የሚለካው ክዳኑ ላይ ስለሆነ ምንም እንዳናስቀምጥበትም አስጠነቀቀን።

አባታችን ምድር ባቡር ሲሠራ የሚጠጣውን ውሃ በምን ያቀዘቅዝ እንደነበር ታስታውሻለሽ። እኔም ጀሪካኔን እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ። አንድ ቀን ጆንያውን ይዤ ወደ ባጃጁ ስሄድ ጎረቤቴ ጀዋሪያ አይታኝ፣ ዛሬ ደግሞ ባትሪ ልታጥቢ ነው ወይ ብላ ቀለደችብኝ። ግመልም ጥላ ይወዳል አልኳት። አዳነ ተኝቶ ነበር። በዚያ ሳምንት ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሞላ። አዳነም፣ መሣሪያው በመጨረሻ አገሩን ለመደ ብሎ ደስ አለው።

በሰባተኛው ቀን እየሞላ ሳለ በእሳት ተያያዘ። አዳነ ሶኬቱን ሊነቅል እጁን ሰደደ።

ጥበብ ኮምፒውተሩን ይዞ መጣ። መዝገቡ፣ ባትሪው ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ነበር ይላል። በዚያን ቀን ባሕሩ እንኳ ከሃያ ዘጠኝ በላይ ይሞቅ ነበር። ክዳኑ ላይ ምን ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ከተቃጠለው ክዳን ላይ የተጣበቀ ክር በጥፍሩ አላቀቀ፣ አየው፣ ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ለመሥሪያ ቤቱ በፈረንሳይኛ የጻፈውን ሪፖርት ወደ አማርኛ ተርጉሞ ለአዳነ ትቶለት ሄደ። ያነበብኩለት እኔ ነኝ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረኝ ልጅሽ አይደለም? መሣሪያውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ስሕተቱም የእኔ ነው ይላል። ከሥራ ያሰናበቱት በራሱ ፊርማ ነው። ራሱ ካመነ እኔ ምን ልጨምር?

አንቺ ጋ ገብቶ እህል አልበላ አለ ሲሉ ሰማሁ። ምስር ቃሪያ ሲበዛበት ይወዳል። ልብሱን ስታጥቢ ኪሱ ውስጥ ክር ብታገኚ ጣይው።

አዳነን ሳጎርሰው ዓይኑ በሩ ሥር ያለው ጀሪካን ላይ ነው።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጅሽንም በሰው ፊት አያሳንስብሽ። እኛ ውሃውን እንደሞቀ እንጠጣዋለን። ከእንግዲህ ጆንያ አላርስም።

ታላቅ እህትሽ