የጫማ ሰፊው ዓሣ

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ነው? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ የጎደለኝ የእናንተ ድምፅ ብቻ ነው።

በስልክ ስንገናኝ ሁሌ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ትዪኛለሽ፤ እኔም «ምንም» እላለሁ። ዛሬ ግን አለ።

ሥራዬ እዚያው ላውንደሪው ነው፤ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ እውላለሁ። ማሽኑ ስለሚጮህ የምንግባባው በእጅ ምልክት ነው። ቤት ስገባ ደግሞ የሚጠብቀኝ ግድግዳ ነው። አንዳንዴ ቅዳሜን ሳልወጣ ውዬ እሁድ ዳቦ ልገዛ ስሄድ፣ ድምፄ ሻክሮ አልወጣ ይለኛል።

ከበሬ ፊት ለፊት አንድ ጫማ ሰፊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ደረጃው ስላቃታቸው ሴት ልጃቸው ወደ ቤቷ ልትወስዳቸው መጣች። ሊሄዱ ሲሉ በሬን አንኳኩ፤ ልጃቸው ከሥሩ አፈር የተነጠፈበት ትንሽ የመስታወት ገንዳ ታቅፋ ከኋላቸው ቆማለች። «እሷ ቤት ድመት አለ፤ እነዚህን አንተ ያዝልኝ» አሉኝ።

ሁለት ዓሦች ናቸው። ሴቷ ግራጫ ናት፣ ዓይን አትገባም። ወንዱን ግን ብታዪው! ጭራው በርበሬ የመሰለ፣ ጎኑ ሰማያዊ፤ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም፣ ኩራቱ ግን የሠርግ ሚዜ ነው። ዝናብ ባቆረው ኩሬ ውስጥ ነው አሉ የሚኖሩት። ኩሬው ሲደርቅ እነሱ ያልቃሉ፤ እንቁላላቸው ጭቃው ውስጥ ቆይቶ በሚቀጥለው ዝናብ ይፈለፈላል። «ውሃ ሞልተህ ብታኖረውም ቶሎ ያረጃል፤ ብዙ አትልመደው» አሉኝ ሽማግሌው።

እኔ ደግሞ ለመድኩት። ከሥራ ስገባ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ይቀበለኛል። ለምግቡ ብሎ ነው፣ አላጣሁትም። ግን እታለም፣ ቤቴ ስገባ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ! ስለ አለቃዬ ቁጣ፣ ስላቃጠልኩት ሸሚዝ፣ ስለ እናንተ፣ ሁሉን አወራው ጀመር።

ከዚያ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ጀርባው ጎበጠ። ሴቷ ቀደመች፤ አንድ ጠዋት እሱንም ከገንዳው ሥር ተጋድሞ አገኘሁት። ለዓሣ አለቀስኩ ብልሽ ትስቂብኝ ይሆናል። ሳቂ፣ ግድ የለም። ለሽማግሌው ደውዬ ስነግራቸው «ጊዜው ደርሶ ነው» አሉኝ። «ከሥሩ ያለውን አፈር ግን እንዳትደፋው። ጨምቀህ፣ እርጥብ እንዳለ በላስቲክ ቋጥረህ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑረው።»

ወራት አለፉ። ባለፈው እሁድ ሽማግሌው «በል አሁን ውሃ አድርግበት» ብለውኝ ጠዋት አፈሩን ወደ ገንዳው መልሼ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰስኩበት። ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ሽፋሽፍት የሚያካክሉ ነገሮች ይርመሰመሳሉ! «እታለም! ነይ፣ ነይ እዪ!» ብዬ ጮህኩ። የምሬን ነው፣ ጮክ ብዬ። ከዚያ የገዛ ድምፄን ሰማሁና ቁጭ አልኩ።

ትንሽ ሲቀለኝ ለሽማግሌው ደወልኩ። ብዙ እንደሆኑ፣ ወደ ላይ ይዋኙ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ልሰናበታቸው ስል «ስልኩን አትዝጋው፤ እዚያው መስታወቱ አጠገብ አስቀምጠው» አሉኝ። ዓሣ ምን ድምፅ አለውና? ግን አስቀመጥኩት፣ እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እሳቸው ወዲያ ማዶ አልፎ አልፎ ሲስሉ ይሰማኛል። እስኪመሽ ድረስ አንዳችንም ምንም አላልንም።

እማዬን እጇን ሳሚልኝ፤ ማልቀሴን ግን እንዳትነግሪያት። ባለቤትሽን በአክብሮት ሰላም በዪልኝ። ትልቋን «አጎትሽ በርቺ ብሏል» በያት፤ ትንሹን ጉንጩን እስኪቀላ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

ከክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
ሚያዝያ ፲፩ ቀን