ቡቺ ከመሬት እንዳይበላ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእትዬ ዓለምጌጥ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? አዲሱ የግፊት መድኃኒት ተስማማሽ ወይ? ጋሽ ከፍያለው፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱስ ደኅና ናቸው? የደሴ ብርድስ ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆመን እየሄድን ነው። የሞላን ድካም ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሐኪም በሽታ ነው ብሎ አይጽፍልንም።

በስልክ መንገር ስትችል ምን ደብዳቤ አስጻፈህ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እቤት ስንደውል ስልኩ ሁልጊዜ በስፒከር ነው፤ ይህን ወሬ ደግሞ አማቴ እማማ ወለተጊዮርጊስ ባይሰሙት ይሻላል። ከሥራ ቦታ ልደውልልሽ ስል ጀምሬው መጨረስ አቃተኝ። ባስልዮስ የሚባል የሥራ ጓደኛዬ ነገ ወደ አገር ቤት ስለሚበር በእሱ እጅ ልኬልሻለሁ።

ነገሩ የውሻ ነው። አትሳቂ። ባለቤቴ ፅዮን ቤት የለወጠች ባልደረባዋ የሰጠቻትን ውሻ እንዳመጣች ነግሬሽ ነበር። ያኔ እማማ ውሻ ያለበት ቤት መልአክ አይገባም ብለው አኩርፈው ነበር። አሁን ግን እኔ ገና ሳይነጋ ወደ ኤርፖርት፣ ፅዮን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ቀኑን ሙሉ የሚያጫውቱት እሱን ነው። እዚህ ሰፈር ሰው በመኪና ይወጣል፣ በመኪና ይገባል፤ በር የሚያንኳኳ የለም። ቡቺ ብለው ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። እሱ ባይኖር ከግድግዳ ጋር ነበር የሚውሉት።

ቡቺ ታዲያ ክፉ አመል አለው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይውጣል። የዶሮ አጥንት፣ ማስቲካ፣ አንዴማ የሕፃን ካልሲ። ከሥራ ስመጣ ገና ወገቤ ቀና ሳይል ፅዮን «ሶ፣ ዛሬ ማነው ዎክ የሚያደርገው?» ትላለች፤ ማን ይሆናል፣ ገመዱን ይዤ እወጣለሁ። ሰው እግሩን ለማፍታታት ይሄዳል፣ እኔ መሬት ላይ ሳፈጥ አንገቴ ደርቆ እመለሳለሁ።

በጥቅምት፣ የጽጌ ማኅበር ሰሞን፣ ቡቺ ያስመልሰው ጀመር፤ ወዲያው እግሩ ከዳው። ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ ያስመለሰውን አይታ ዘቢብ በልቷል አለችን። ዘቢብ ለውሻ መርዝ ነው፣ ኩላሊቱን ይጎዳዋል፤ አሁን ተርፏል፣ ከደገመ ግን መትረፉን እንጃ አለች። ለቤተ ክርስቲያን የምንወስደው ዘቢብ ውሻ ይገድላል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር። ውሻውን እዚያ አስተኝተን ቤት ስንመለስ እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳሎን ተቀምጠው አገኘናቸው። መርዝ ነገር በልቶ ነው፣ ይድናል ብለን አጽናናናቸው። የቤተ ክርስቲያን ዘቢብ መርዝ ነው ማለቱ ድፍረት ሆኖብን ስለ ዘቢቡ አልነገርናቸውም።

ልናወጣው ስንሄድ ሐኪሟ ከመሬት እንዳይበላ ማስተማሪያውን አሳየችን። ምግብ በጭብጥሽ ትይዢለታለሽ፤ ያሸታል፣ ይልሳል፣ ዝም ትያለሽ። ተስፋ ቆርጦ ዓይንሽን ሲያይ በሌላው እጅሽ የተሻለ ነገር ትሰጪዋለሽ። ኋላ ደግሞ መሬት ላይ አስቀምጠሽ እንደዚያው። እኛ በአማርኛ አደረግነው፤ «ተው» ማለት የኔ ሥራ ሆነ፣ «ብላ» ማለት የእማማ። ሳህኑ ተቀምጦለት እንኳ እሳቸው ሳይፈቅዱ እንዳይነካ አስለመድነው። ቤት ውስጥ አንደኛ ወጣ። ውጭ ግን ከአጥሩ ጥግ ያለው ዛፍ ጋ ስንደርስ ክንዴን ሊነቅለው ይደርሳል።

አንድ ቀን ብቻዬን ስወጣ ምክንያቱን አየሁት። ዛፉ ሥር ንጹሕ ሶፍት ተነጥፏል፤ በላዩ በእጅ የተቆረሰ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ተቀምጧል። የማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ዳቦ ሲተርፍ ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ እግር የማይረግጠው ቦታ ይቀመጥና ወፍ ይበላዋል። እኔና አንቺስ እንዲሁ አይደል ያደግነው?

ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ውሻውን የመረዙት እርስዎ ነዎት ተብሎ እንዴት ይነገራል? ስለዚህ ቡቺን ከማውጣቴ በፊት እየወጣሁ ዳቦውን አነሳው ጀመር። ቆሻሻ ውስጥ መጣሉ ለእኔም አልሆነልኝም፤ በመኪና እየወሰድኩ ኤርፖርቱ አካባቢ ለወፍ አስቀምጥ ነበር። ፅዮን መኪናው ለምን ዳቦ ዳቦ ይሸታል ስትለኝ ነገርኳት፤ እሷም አደራ እንዳይሰሙ አለችኝ። ያለችኝን ትንሽ እንቅልፍ የበላብኝ ይሄ ነው።

ባለፈው ሰሞን እማማ በመስኮት አዩኝ። በር ላይ ጠብቀው፣ ለወፍ ያልኩትን ለምን ታነሳለህ ብለው ተቆጡኝ። መዋሸት ደከመኝ፤ ነገርኳቸው። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። «ለካ እኔ ነኝ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

አሁን ቡቺ ተምሯል። ትናንት የዶሮ ክንፍ ፊቱ ወድቆ አይቶ፣ ተው ስለው ትቶት ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ያህል ለፍቼ ደስታው ግን የለኝም። እማማ ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ክፉ ነው ብለው አይነኩትም፤ ብላ ማለቱንም ትተዋል። ፅዮን ጠዋት ሳህኑን ሞልታለት ትሄዳለች። ከሥራ ስመለስ ሳህኑ እንደሞላ፣ ቡቺ የእማማ በር ሥር ተኝቶ አገኘዋለሁ። እኔ «ብላ» ስለው በሩን ያያል።

እትዬ፣ አንቺን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ፤ የኛን ቃል ባይሰሙ ያንቺን እምቢ አይሉም። እባክሽ ይህ እንደደረሰሽ ደውዪላቸው። አንድ ጊዜ ብቻ «ብላ» እንዲሉት አድርጊልኝ።

ለጋሽ ከፍያለው ትከሻውን ስሜ ሰላም ብያለሁ። ሐይማኖትን ለፈተናዋ በርቺ በዪልኝ፤ ሊዮልን ጉንጩን ሳሚልኝ። አባ ወልደ ሥላሴን በጸሎት አይርሱን በዪያቸው። ፅዮንም ናፍቆቷን ልካለች። የእማማን ሰላምታ አልጻፍኩም፤ እንደምጽፍልሽ አያውቁም። የቡቺ ሳህን ሳይነካ በዋለ ቁጥር የእሳቸውም ምሳ ሳይነካ ይውላል። ስንጠይቃቸው ጾም ነው ይሉናል። ስኳር እንዳለባቸው ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ግዛቸው
ሳክሲ፣ ቴክሳስ
ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.