በበረኪና የታጠበው የአባባ ዓሣ ቤት

ለወንድሜ ለነቢዩ
ጆሃንስበርግ

ወንድም ዓለሜ ነቢዩ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ህይወትስ እንዴት ሰነበተች፤ ወገቧን ያማታል ብለኸኝ ነበርና ተሻላት ወይ? ሃሌሉያና በእምነትስ እንዴት ናቸው፣ ትምህርታቸውን ይዘዋል? እዚያ ብርዱ መግባቱን ሰምቻለሁ፤ ማለዳ ሱቅ ስትከፍት ደረትህን ሸፈን አድርግ። እኛ እዚህ ዝናቡ ጠንክሮብን፣ ጭቃው ባጃጅ እየያዘ ቢያስቸግረንም፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን ደኅና ነን። አባባም ደኅና ናቸው። የእሳቸውን ነገር በደንብ እመለስበታለሁ።

ሰላምታዬን ከተቀበልክ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ያለው ቁጣ ነው፤ ተቀምጠህ አንብበው። በስልክ ያልነገርኩህ፣ ገና አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ተቆራረጠ እያልክ ስለምታመልጠኝ ነው። የጎረቤታችን ልጅ አብዱ ወደዚያው ወደ ሥራው ሊመለስ ስለሆነ በእጁ ልኬልሃለሁ።

የፋሲካ ዕለት ያልከኝን ታስታውሳለህ? እንኳን አደረሰህ ልልህ ስልኩን ስቀበል፣ «እታለም፣ ዓሣ መጠበቅ እንኳ ያቅትሽ? ለአባባ አንድ ደስታ ትቼላቸው ብሄድ ገደልሽው» አልከኝ። በዓል ነው፣ አባባም አጠገቤ ናቸው ብዬ ዋጥኩት።

የዓሣውን ቤት፣ አኳሪየሙን፣ ያሠራኸው አንተ ነህ፣ አልክድም። አምና ጥር ላይ መጥተህ፣ አባባ ግማሽ አካላቸው ዝሎ፣ አንደበታቸው ተይዞ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ብታገኛቸው አለቀስክ። መስታወቱን እዚሁ ቦንጋ አስቆረጥክ፣ ዓሦቹን ከአዲስ አበባ በላስቲክ አስመጣህ፣ ውኃ ሞልተህ ጨመርካቸውና ፎቶ አንስተህ ሄድክ። የአንተ ሥራ እዚያ ላይ አለቀ። የእኔ የጀመረው አንተ ገና መንገድ ላይ ሳለህ ነው፤ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲለምኑ።

ያኔ ነው ወደ ኸይሪያ የሮጥኩት። ኸይሪያን ታውቃታለህ፣ ከእኔ ጋር የተማረችው፣ ገበያው ዳር ፋርማሲ ያላት ናት፤ ባንኮኒዋ አጠገብ ስንት ዓመት ዓሣ አኑራለች። ያስተማረችኝን አንተም ስማ። ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻና የሚተርፈው ምግብ ውኃው ውስጥ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ውኃው እንደ ምንጭ ጠርቶ ሳለ የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥለዋል። ይህን መርዝ የሚበሉ ደጋግ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዱ ዓይነት አሞኒያውን ወደ ሌላ መርዝ ይለውጠዋል፣ ሁለተኛው ዓይነት ያንን ተቀብሎ ጉዳቱ ወደ ቀለለ ነገር ይቀይረዋል፣ የቀረውን ደግሞ አንተ ውኃ በመቀየር ታወጣዋለህ። የሚኖሩት አሸዋው ላይና ከሁሉ በላይ በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ ነው። ተራብተው ለዓሦቹ እስኪበቁ ከወር በላይ ይፈጅባቸዋል። ያ ቡናማ፣ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ስፖንጅ እርሾ ነው፤ የዓሣው ቤት ነፍስ እሱ ነው።

ያንን እርሾ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ክሎሩ እንዲወጣለት የቧንቧ ውኃ በባልዲ እያሳደርኩ፣ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂቱን እየቀየርኩ፣ ስፖንጁን ከዚያው ከዓሣው ቤት በተቀዳ ውኃ ብቻ ጨመቅ እያደረግሁ። መብራት ሲጠፋ ማጣሪያው ይቆማል፤ ባክቴሪያውም ዓሣውም እንዳይታፈኑ በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ አፈሳለሁ። የኛን መብራት አትረሳውም መቼም። ክንዴ ሲዝል የት ነበርክ?

አባባ ደግሞ ዓሦቹን ስም አወጡላቸው። መኪና እየነዱ ቡና ሲጭኑ የኖሩበትን መንገድ ታውቀው የለ? በከተሞቹ ስም ጊምቦ፣ ሺሺንዳ፣ ዋጫ፣ ቢታ አሏቸው። የጅማው ሐኪም የሚወዱትን ነገር ስም ድምፅ አውጥተው ይጥሩ ብሎን ነበር። ያስቸገራቸው ሺሺንዳ ነው። ምላሳቸው እየተጠላለፈባቸው፣ ላብ እያጠመቃቸው፣ ተናደው ይተዉትና ደግሞ ይጀምሩታል። መስቀል ሰሞን አንድ ጠዋት አጥርተው ሲጠሩት፣ ከጓዳ ሮጬ ወጥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቱን በስሙ ጠሩ፣ ወጡ ጨው አንሶታል አሉ፣ ከእኔም ጋር ተጣሉ። አንተ ደስታ ያልከው ይህ ነበር፤ ለእኔ ግን አባቴ ወደ ቤቱ መመለሱ ነበር።

በሰሞነ ሕማማት አክስታችን እትዬ ዘነበች በዓሉን ከወንድማቸው ከአባባ ጋር ለማሳለፍ ከዋጫ መጡ። ረቡዕ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ በረኪና በረኪና ይሸታል። እትዬ ዓሦቹን ሳፋ ውስጥ አድርገው፣ መስታወቱን፣ አሸዋውን፣ ስፖንጁን አንድ ሳያስቀሩ በበረኪና ፈትገው፣ ደጋግመው አለቅልቀው፣ በቀጥታ ከቧንቧ ሞልተው ዓሦቹን መልሰዋቸዋል። ውኃው ያብረቀርቃል። ፊታቸው በርቶ «እይው እስቲ፣ አሁን ቤት መሰለ» አሉኝ። ዱካው ላይ ቁጭ አልኩ። እንዳልቆጣቸው እጃቸው በበረኪና ተልጦ ነበር።

ዓሦቹ ያን ዕለት ደኅና መሰሉ። ስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ። ኸይሪያ የአሞኒያ መለኪያ ጠብታዋን ይዛ መጣች። ከውኃው በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ ጠብታውን ስትጨምርበት፣ ቢጫ መሆን የነበረበት እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ያደረ ውኃ አንድ ባልዲ ብቻ ነበረን፤ ከእሷ ቤት በጀሪካን አስመጥተን ግማሹን ቀየርነው። አልበቃም። ፋሲካ ጠዋት ጊምቦ ተገልብጦ ተንሳፈፈ። አባባ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞርላቸው በእጃቸው አሳዩኝ። በእጃቸው ነው፣ በአንደበታቸው አይደለም። የበዓሉ ወጥ ቀርቦላቸው አልቀመሱም። አንተ በቪዲዮ አይተህ «ገደልሽው» ያልከኝ በዚያ ሰዓት ነው፤ በማግስቱም ሺሺንዳ ጊምቦን ተከተለው።

በዓሉ ሲያልፍ ኸይሪያ የራሷን ማጣሪያ ፈትታ ስፖንጇን በመቀስ ለሁለት ከፈለችው። «እንዳታጥቢው፣ እንዲደርቅም አታድርጊ። የምትፈልጊው ቆሻሻውን ነው» ብላ ከዓሦቿ ውኃ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ሰጠችኝ። በባጃጅ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሾፌሩን ቀስ እያልኩ ወስጄ ማጣሪያችን ውስጥ ከተትኩት። ዋጫና ቢታ ብቻ ቀርተው ነበር። ምግባቸውን ቀነስኩ፣ በየቀኑ ካደረ ውኃ ቀየርኩላቸው፣ በጠብታው ለካሁ። አረንጓዴው እየዋለ እያደረ ሳሳ፣ በመጨረሻም ቢጫ ሆነ። ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው አሸዋውን መጎርጎር ጀመሩ።

አባባ ግን ፊታቸውን አልመለሱም። ወደ ግድግዳው ዞረው ይውላሉ፤ ባናግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ ቃል የለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃውን ከባልዲው ስገለብጥ ከኋላዬ «ቀስ። ዳገት ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ወንበራቸውን በደኅናው እግራቸው ገፍተው ግማሽ ዞረዋል። ባልዲውን አስቀመጥኩ። መስታወቱን አዩና «ጊምቦ» ብለው ጠሩ። «ጊምቦ የለም» አሉ። ቀጥለው «ዋጫ» አሉ፣ «ቢታ» አሉ። ሺሺንዳን ዘለሉት። እስከ ዛሬም አይጠሩትም። ዓሣው ስለሞተ ይሁን ቃሉ ስለጠፋባቸው አላውቅም፤ ለመጠየቅም እፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ዘነበች አባባን ሊጠይቁ ተመልሰው መጡ። ስፖንጁን ከዓሣው ቤት በቀዳሁት ውኃ ስጨምቀው አይተው፣ ስለምን በሳሙና እንደማላጥበው ጠየቁኝ። ለአንተ ከላይ እንደጻፍኩልህ አድርጌ አስረዳኋቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ከራሴ አላመጣሁትም። ነቢዩ ነው በቪዲዮ አይቶት፣ ይህን ቆሻሻ አንድ ሳያስቀሩ በበረኪና ይጠቡልኝ፣ ሰብሌ እንደሆነች ትታዋለች ያለኝ» አሉ።

ያዘዝከው አንተ ነህ፤ የተቆጣኸው እኔን። እሺ፣ በረኪናው ምን እንደሚያደርግ አታውቅም ነበር እንበል። እንዳዘዝክ ግን ታውቅ ነበር። እርሾውን አስደፍተህ ስታበቃ ሊጡ ለምን አልቦካም ብለህ ያቦካችውን ትሰድባለህ? እኔ ሰነፍ ነኝ፤ አባባን የማገላብጥ፣ የማጥብ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ የምሰጥ ሰነፍ። አንድ ጊዜ እንኳ «እታለም፣ ይህ ነገር ለምን ቡናማ ሆነ?» ብለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? መልሱን እኮ አውቀው ነበር። አሮጊቷን አክስታችንን አንተው ራስህ በማታውቀው ነገር አዘህ፣ በመጨረሻ ጥፋቱን ለእሳቸውና ለእኔ አካፍለህ፣ አንተ ንጹሕ ሆነህ ቀረህ። እትዬ ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሱ ብታይ።

አባባ የቧንቧው ውኃ የገደላቸው ይመስላቸዋል። እትዬም አልነገሯቸውም፣ እኔም አልነግራቸውም። አንተ ትነግራቸዋለህ። ይህ ወረቀት በደረሰህ በመጀመሪያው እሁድ ደውል፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጌልህ ወደ ውጭ እወጣለሁ። መልስ ለማውጣት ጊዜ ይወስድባቸዋል። ዝም ሲሉህ ተዘጋ ብለህ አታስብ፣ እየሰሙህ ነው።

ህይወትን አንገቷን አቅፌ እስማታለሁ፤ ቁጣዬ እሷን አይመለከታትም። ሃሌሉያን ጉንጯን ሳምልኝ፣ በእምነትንም ግንባሩን። ኸይሪያ ሰላም ብላሃለች። እትዬ ዘነበች ሰላም በይልኝ ብለዋል፣ አልተቀየሙህም፤ እኔ ነኝ ስለ እሳቸው የተቀየምኩህ። አባባ ይህን ስጽፍ አይተው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ለነቢዩ ነው አልኳቸው። ስምህን ለማውጣት ታገሉ፣ ደጋገሙ፣ በመጨረሻ ወጣላቸው።

እህትህ ሰብሌ
ቦንጋ፣ ሰኔ ፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.