የልጄን አሠሪ ስም እንዲናገሩ ስለመጠየቅ

ለካስኪ ወረዳ ዋና አስተዳዳሪ
ፖክራ፣ ኔፓል

ቀን፦ ባድራ ወር 14 ቀን 2079 (በኔፓል አቆጣጠር)

ጉዳዩ፦ ሠራተኛ ላኪው አቶ ኦም ጃንግ ጉሩንግ ኳታር ውስጥ የሞተው ልጄ ይሠራለት የነበረውን አሠሪ ስም በጽሑፍ እንዲሰጡ እንዲታዘዝልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣

1. አመልካች ሠላሳ አራት ዓመት በጋዜጠኝነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የፖክራ ነዋሪ ነኝ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጄ ቢካስ ጉሩንግ ባለፈው ወር፣ ሳዎን 20 ቀን፣ ኳታር ውስጥ በተኛበት ሞቷል። ያረዳን አብሮት የሚያድር፣ ከጎረቤታችን ከላምጁንግ ወረዳ የሄደ ልጅ ነው። በስልክ «አባባ፣ ጠዋት ለሥራ ብንቀሰቅሰው አልነሣ አለን» አለኝ።

2. አስከሬኑ ሆስፒታል ነው። እንዲላክልን የአሠሪው ፊርማ ያስፈልጋል። ልጄ በጉብኝት ቪዛ በዴልሂ በኩል ስለወጣ ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ጓደኛውም በየቀኑ የተለያየ መኪና ይወስደው እንደነበር እንጂ አሠሪውን አያውቅም። የሚያውቁት የላኩት አቶ ኦም ጃንግ ብቻ ናቸው።

3. ከሦስት ዓመት በፊት የጉሩንግ ጎሣ ማኅበራችን ስመ ጥር ጉሩንጎችንና ድርጅቶቻቸውን የሚዘረዝር መጽሐፍ አስጽፎኛል። ወታደሮቹን፣ ሐኪሞቹን፣ ባለሆቴሎቹን በየደጃቸው ሄጄ አጣርቻለሁ። የአቶ ኦም ጃንግን ድርጅት ግን ወገን ናቸው ብዬ፣ ቢሯቸውን ሳልረግጥ «የታመነ» ስል ጻፍኩ። ልጄ የመረጣቸው ከዚያ ገጽ ነው።

4. በመነሻው ቀን ቢካስ ውል ጠየቀ። አቶ ኦም ጃንግ ሳቁና «ጋሼ፣ ልጅዎን ከተማ አበላሽቶታል! ወንድም ከወንድሙ ጋር ይፈራረማል እንዴ?» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ከወገን ወረቀት መጠየቅ ስድብ ነው። በሰው ፊት አፈርኩና «ተው፣ አታዋርደኝ» ብዬ ገሠጽኩት። ሥራዬ ማስረጃ መጠየቅ ነበር።

5. ከሞተ በኋላ ሦስት ጊዜ ቢሯቸው ሄጃለሁ። መጨረሻ ላይ «ሰውዬ፣ ጉሩንግ የሚባል በየመንገዱ ሞልቷል። ሁሉንም እኔ ነኝ የላክሁት? ፊርማዬን አሳየኝ» አሉኝ። ፊርማ የለኝም። በቢሯቸው በር ላይ ለሽኝት በልጄ አንገት የአበባ ጉንጉን ሲያጠልቁ የተነሣውን ፎቶግራፍ አያይዣለሁ።

ስለዚህ አቶ ኦም ጃንግ ተጠርተው የአሠሪውን ስምና አድራሻ እንዲሰጡ እንዲታዘዝልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ከእሳቸው ጋር ያለኝን ክርክር በሌላ ቀን አቀርባለሁ፤ የራሴንም ጥፋት አልክድም። ሆስፒታሉ የሚጠብቀን እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ይቀበራል። የቡድሃ ሃይማኖት ካህናችን ላማው አስከሬኑ ካልመጣ ከቀርከሃና ከነጭ ጨርቅ ምስል ሠርተን ልንሸኘው እንደምንችል ነግረውናል። ቀርከሃውን ጎረቤቶች ቆርጠው አምጥተዋል። ባለቤቴ ጨርቁን አልገዛም ብላለች።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ድል ፕራሳድ ጉሩንግ
የቢካስ አባት
(ፊርማ)