ሳላይ የፈረምኩት

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀን። ጉልበቴ የለጋሲዮንን ዳገት እንቢ ብሏል። ቢሆንም ሾላ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ገዛሁ። አገርነሽን አገኘኋት... በጦርነቱ ከወልዲያ በኩል ተፈናቅላ የመጣችው፣ አምና የእርዳታ ኮሚቴያችን የመዘገባት። ቆሎ ትሸጣለች።
«እትዬ ሥርጉት፣ ያ የቤት ኪራይ ድጋፍ መቼ ይሆን የሚሰጠን?»
«እንዴ! አምና ጥር ላይ ወስዳችኋል እኮ።»
«እኛ? ማን ሰጥቶን?»
ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ
የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሒሩት ፋይሉን አውጥታ ሰጠችኝ። አርባ ሦስት ቤተሰብ፣ የስድስት ወር ኪራይ፣ «ተቀብያለሁ»። ከአገርነሽ ስም ትይዩ የተቆላለፈ ቆንጆ ፊርማ። አገርነሽ መጻፍ አትችልም! ስትመዘገብ አውራ ጣቷን ቀለም ያስነካኋት እኔ ነኝ።
ከገጹ ግርጌ ደግሞ... ምስክር፣ የነዋሪዎች ተወካይ። የእኔ ፊርማ። የእውነት የእኔ።
ትዝ አለኝ። የጥምቀት ዋዜማ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንደሰን፣ «እትዬ፣ ባዶው ላይ ይፈርሙልኝ፣ ስሙን ኋላ እንሞላዋለን። በዓሉን ተርበው እንዳይውሉ።» ፈረምኩ። እየቸኮልኩ፣ እንደቆምኩ!

ኅዳር 7
ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ባዶ ወረቀት ያስረከበኝን ተማሪ ስንቴ ነው የተቆጣሁት? ደደብ አሮጊት!

ኅዳር 10፣ ሰኞ
ወንደሰን ቢሮ ገባሁ። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ደሜን ያፈላው ያ አክብሮቱ ነው።
«ገንዘቡ የት ገባ?»
«ሁሉም በደንቡ ተሠርቷል፣ እትዬ። የእርስዎም ፊርማ አለበት።» ፈገግ አለ። «ነገሩ ከተነሳ እኮ አብረን ነው የምንጠየቀው። በዚህ ዕድሜዎ...»
ሻዩን ሳልነካ ወጣሁ። ከንዴት ብቻ? አይደለም። ፈርቼም ነው።

ኅዳር 14
ልጄ ዮፍታሔ ከአያት ሰፈር መጣ። «እማዬ፣ ፕሊስ ተይው። ወንደሰን ሰው አለው። የምትታሰሪው አንቺ ነሽ።»
ለእኔ አስቦ ነው። ጮህኩበት። እሱ ምን አደረገኝ?

ኅዳር 17፣ ሰኞ
ላምበረት ሄድኩ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ተፈናቃዮቹ የተከራዩበት። በአንድ ክፍል ሦስት ቤተሰብ። ከአርባ ሦስቱ ሃያ ዘጠኙን አገኘሁ። አንድም የደረሰው የለም። አንዷ አራስ ሆና፣ ኪራይ አልከፈልሽም ተብላ፣ በክረምቱ ዕቃዋ ደጅ ተጥሎባታል። በወረቀት ላይ ግን ኪራይዋ ተከፍሏል! ምን ዓይነት ሆድ ነው ይህን የሚበላ?
ለአገርነሽ ነገርኳት። ምስክር ሆኜ የፈረምኩት እኔ ነኝ አልኳት።
«አውቀው ነው?»
«አይደለም። ሳላይ ነው።»
ቆሎዋን ስትሰፍር ቆየች። «እኛ እኮ እርስዎ አሉበት ብለን ነው ዝም ያልነው።»
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20
ለፖሊስ አመለከትኩ። መርማሪው ወረቀቱን አገላበጠ።
«እርስዎ ጠቋሚ ነዎት ወይስ ተጠርጣሪ?»
«ሁለቱንም ይጻፉ።»
ቀና ብሎ አየኝ። ጻፈ።

ታኅሣሥ 11
ወንደሰን ታሰረ። እኔ በዋስ ወጣሁ። ሱቅ በር ላይ አንዷ «ሌባ!» አለችኝ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ
የወረዳው አዳራሽ ሞላ። ስብሰባው እንዲጠራ ያስገደዱት ተፈናቃዮቹ ራሳቸው ናቸው። ከበላይ የመጡት ኃላፊ ሪፖርት ሊያነቡ ሲነሱ አገርነሽ ከመሃል ተነሳች።
«ሪፖርቱ ይቆይ። መጀመሪያ ስማችን ይነበብ፣ አንድ በአንድ። እኛ እንመልሳለን።»
ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ። «ጊዜ የለንም...»
«እኛ ዓመት ጠብቀናል።»
ሒሩት አነበበች። ስሙ የተጠራ ይነሳል። «አልደረሰኝም።» ሌላው ይነሳል። «አልደረሰኝም።» ወደ አገሩ ለተመለሰ ጎረቤቱ መለሰለት። ኃላፊው እስከ መጨረሻው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ገንዘቡ ከፋሲካ በፊት ለባለቤቶቹ እንዲከፈል ተወሰነ። ይከፍላሉ? እናያለን...
ከውሳኔው በፊት ግን፣ ሒሩት የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ አየችኝና ፋይሉን ልትዘጋው ጀመረች።
«አንብቢው» አልኳት ከኋላ ወንበር።
«ምስክር... ሥርጉት ወልደ ሐዋርያት።»
ተነሳሁ። «ሲከፈል አላየሁም። ግን ፈርሜያለሁ።»
ማንም አላጨበጨበም። አገርነሽ ዞራ ትንሽ አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ቃለ ጉባኤ ወደሚይዘው ጸሐፊ መለሰች።
«ይህም ይጻፍ» አለች።