ሰው መቁጠርን ያስተማሩን መምህር ሰይፈ ሥላሴ የሻው

መምህር ሰይፈ ሥላሴ ከአባታቸው ከቄስ የሻው ተገኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሪቱ አያሌው ኅዳር 21 ቀን 1957 ዓ.ም. በላስታ፣ ገነተ ማርያም ተወለዱ። ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ከደገሙ በኋላ አንደኛ ደረጃን በላሊበላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ተምረዋል።

በ1977 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳሉ ረሃብ ገባ። ቤተሰቡ እህል ፍለጋ ቀዬውን ሲለቅ እርሳቸው ወልድያ ነበሩ፤ ወሬውም ዘግይቶ ደረሳቸው። ታናናሾቻቸው አለሜ፣ ባንቺዓለምና አረጋ መንገድ ላይ ቀሩ። ከልጆቹ መካከል ከወላጆቻችን ጋር የተመለስኩት ይህን የምጽፈው ወንድማቸው ምስጋኑ ብቻ ነኝ። ጋሼ ስለዚያ ዓመት ለብዙ ጊዜ በቤት ውስጥ አንስተው አያውቁም።

በኮተቤ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በጂኦግራፊ ዲፕሎማ አግኝተው ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በሙጃ፣ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በላሊበላ አስተማሩ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንቺ ታደገ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው እየሩስንና ኢያቄምን ወልደዋል።

አንድ መጽሐፍ ለስምንት ተማሪ በሚደርስበት ጊዜ፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ክለሳውን ከክፍል አውጥተው ያካሂዱ ነበር። ቅዳሜ ተማሪዎቹን በገበያው መግቢያዎች አቁመው መንገደኛው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደተጓዘ ያስጠይቋቸዋል። ስለ ፍልሰት ሲከልሱ እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ የወጣውን ሰው በወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያም የገፋው ምን እንደሆነ፣ የሳበውም ምን እንደሆነ ይከራከሩበታል።

በ1994 ዓ.ም. ተማሪዎቹ የየሰፈራቸውን ሰው በጾታና በዕድሜ ቆጥረው እንዲመጡ አዘዙ። በሜዳው ላይ ለአንድ ሰው አንድ ድንጋይ፣ ወንዱን በግራ፣ ሴቱን በቀኝ፣ ሕፃናቱን ከታች እየደረደሩ የሕዝብ ፒራሚድ ሠሩ። ገለቴ ደባሱ የተባለች ተማሪ፣ “መምህር፣ በእኛ ዕድሜና ትንሽ ከፍ ብሎ ድንጋዩ አነሰ። ተሳስተን ቆጥረን ይሆን?” ብላ ጠየቀች።

“አልተሳሳታችሁም። ዛሬ አብረዋችሁ ሊኖሩ የሚገባቸው ናቸው የጎደሉት” አሏት። የሦስቱን ታናናሾቻቸውን ስም ጠርተው፣ “እነርሱ መንገድ ላይ ሲሞቱ እኔ እማር ነበር” አሉ።

በማግሥቱ የገለቴ አባት አቶ ደባሱ መጡ። “ልጄን ለፈተና እንዲያዘጋጁልኝ ላክሁ እንጂ ቤቴን እንዲያስለቅሱ አይደለም። እናቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም” አሏቸው። ጋሼ ይቅርታ ጠይቀው ድንጋዮቹን ለማንሣት አብረው ወደ ሜዳው ወረዱ። አቶ ደባሱ ግን ፒራሚዱን ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያም ሁለት ድንጋይ አንሥተው ከጠበበው መስመር ጎን አስቀመጡ።

“ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ አብረው ይቆጠሩ” አሉ። ጋሼም በጎናቸው ሦስት ድንጋይ አኖሩ።

በዚያው ሳምንት ገነተ ማርያም መጥተው እናታችን እግር ሥር ተቀመጡ። “ያን ጊዜ ከጎናችሁ አልነበርሁም፤ ይቅር በይኝ” አሏቸው። እናታችንም፣ “እዚያ ብትኖር ኖሮ አንተንም አለቅስህ ነበር። እኔስ አንዱ እንኳ ከዚያ መንገድ ተረፈልኝ እያልሁ ስጽናናብህ ኖሬአለሁ” ብለው አቀፏቸው። አሥራ ሰባት ዓመት ያልተወራው ያን ቀን ተወራ፤ አብረንም አለቀስን።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕመም ዓይናቸውን አደከመው። ሰሌዳው ሲጠፋባቸው ተማሪዎች እያነበቡላቸው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ ኩላሊታቸው ታውኮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተውልናል።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቀን ለወይዘሮ ውባንቺ፣ “ልጆቹ ለእኔ ልቅሶ ብለው ጥናት እንዳያቋርጡ” ብለው ነበር። ለፈተናው የቀረው ጥቂት ቀን ነውና እናንተ ተማሪዎቻቸው አፈር ካለበሳችኋቸው በኋላ ሠልስት ሳትጠብቁ ወደ ጥናታችሁ እንድትመለሱ ቤተሰቡ ይለምናችኋል። ለቅሶውን እኛ እንቀመጣለን።

የወንድሜን ነፍስ አምላከ ቅዱስ ላሊበላ ከአባቶቻችን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ዘንድ ያኑርልን፤ ለእናታችንም የሚያስችል ልብ ይስጥልን። አሜን።