የእትዬ ቀስታ ዓይኖች

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆመሽ ታርፊያለሽ ወይስ ሻል አለሽ? የአባባስ ሳል ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም፤ ተመስገን ነው። ይህን የምታነቢላት እህቴ፣ አንቺስ ደህና ነሽ? ያልጣመሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢ አደራ፤ በስልክ እጠይቃታለሁ።

እማዬ፣ "እዚያ ሆነሽ ምን እንደምትሠሪ አይገባኝም" ብለሽኝ ነበር። ከመዳፍ የማይበልጥ አረንጓዴ ሰሌዳ አለ፤ አባባ ሬዲዮኑን ሲፈታ አይተሽዋል፣ ሰርኪት ቦርድ ይሉታል። በላዩ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ ብረት ይቀመጥና የማተሚያው ማሽን ምላጭ ግራጫ የብየዳ ቅባት እየገፋ ያልፋል። ብረቱ ሲነሣ ቅባቱ በየቦታው ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል። ከዚያ ሌላው ማሽን ከሩዝ ፍሬ ያነሱ ዕቃዎች ይለጥፍበታል። የእኔ ሥራ ከሥር ነው። ምላጩ ሲጫነው ሰሌዳው እንዳይሰምጥ ትናንሽ ምሰሶዎች አቆምለታለሁ፤ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ደግሞ ጎንና ጎኑን በሞርሳ አስይዘዋለሁ።

አዳራሹ አንዳንዴ ሕልም ይመስለኛል። ጠዋት ፀሐይ በላይኛው መስኮት ስትገባ፣ ነጭ ካፖርት የለበስነው ሁሉ ጥላችንን ቤት ትተን የመጣን እንመስላለን። ማሽኖቹ ሩቅ አገር እንደሚዘንብ ዝናብ ያንሾካሹካሉ። ሰሌዳዎቹ ተራ በተራ ሲያልፉ ከሰማይ ሆኜ ገና ያልነቁ ከተሞች የማይ ይመስለኛል። በመንገዶቻቸው ስሄድ፣ ስሄድ፣ አንዱ ጥግ ላይ አንቺን አገኝሻለሁ። ደግነቱ ልቤ ቢኮበልልም እጄ ሥራውን ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀሰቅሱኝ እትዬ ቀስታ ናቸው። ወላጆቻቸው የሰጧቸው ስም አይደለም፤ "ቀስታ ልጄ፣ ቀስታ" ስለሚሉ እኛ ያወጣንላቸው ነው። የታተመውን ቅባት በማጉያ መነጽር የሚመረምሩት እሳቸው ናቸው። እንግዳ ሆኜ ስመጣ ሥራ ያስለመዱኝም፣ መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ሳለቅስ ፈልገው ያወጡኝም እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ወር የልብ ምት ለሚለካ መሣሪያ የሚሆን አዲስ ሰሌዳ መጣ፤ ስስ ከመሆኑ የተነሣ እፍ ቢሉት የሚበር ይመስላል። እትዬ ቀስታ ገና ከጠዋቱ "መሃሉ ላይ ቅባቱ ተጨማልቋል፣ አንዱ ካንዱ ተያይዟል" እያሉ ይመልሱ ጀመር። የመለሱት ክምር ሆነ። አለቃችን መጥቶ ሁለት ሦስቱን ወደ ብርሃን አዞረና ምንም አይታየኝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ዓይንዎ ደክሟል መሰለኝ፤ ከሰኞ ጀምሮ ማሸጊያ ክፍል ቢሆኑስ?" አላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ጠርገው ጠርገው አልጠራላቸው አለ።

የክፍላችንን ወጣት መሐንዲስ ሄጄ እንዲያይልን ለመንኩት። "የሰው ዓይን ከመክሰሳችን በፊት ሰሌዳውን እንጠይቀው" አለኝ። ምላጩን መሃል ላይ አቆመውና ጎንበስ ብዬ በጎን ባትሪ እንዳበራ ነገረኝ። በብረቱና በሰሌዳው መካከል ፀጉር የምታክል የብርሃን ክር አየሁ! ሰሌዳው መሃሉ ሰምጧል፤ ቅባቱ በዚያች ክፍተት እየሾለከ ነው የሚጨማለቀው። ለካ ምሰሶዎቹን የምናቆመው ለቀድሞው ወፍራም ሰሌዳ በወጣው ሥዕል ኖሯል። ሞርሳውም ከልኩ በላይ ጨብጦ ያጣምመው ነበር። ምሰሶ እንዳንጨምር ደግሞ ይኸኛው ከሥሩም ዕቃ ተለጥፎበታል፤ ዝም ብለሽ ብታቆሚ ትሰብሪዋለሽ።

መሐንዲሱ ወዲያ በሚያሳይ ስስ ላስቲክ ላይ ከሥር ያሉትን ዕቃዎች ቦታ ሣለልኝ። እኔም ባዶ ባዶውን እየፈለግኩ ምሰሶዎቹን በመካከላቸው አቆምኩ፤ የተኛ ሕፃን ሥር እጅ እንደ መስደድ ነበር። ሞርሳውን አላላነውና አተምን። እትዬ ቀስታ መነጽሩ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ቀና ሳይሉ፣ "ጥርት ያለ ነው" አሉ። አለቃችን የተመለሱትንም በትልቁ ማጉያ አስመረመረና በሁላችን ፊት፣ "ይቅርታ እትዬ፣ የደከመው የእኔ ዓይን ነው" አላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ነገሩ በዚሁ አለቀ ስል፣ በነጋታው እትዬ ቀስታ ሥራ ልልቀቅ ብለው ጠየቁ። ለምን ብላቸው፣ "ልጄ ከወለደች ጀምሮ ነይልኝ እያለች ነው። ዓይኔም ቢሆን ደክሟል፤ ቤት ስገባ እንባ ያፈሳል። ግን ደክሟል የምለው እኔ ነኝ እንጂ ሰው አይለኝም። ተገፍቼ ብሄድ ኖሮ እዚያም ደርሼ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፤ አሁን በገዛ እግሬ እሄዳለሁ" አሉኝ። በቦታቸው ማን ይሁን ሲባል እኔን ጠቆሙ።

አሁን የምቀመጥበት ወንበራቸው ለእኔ ከፍ ይላል። ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እግሬ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥዬ፣ ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ሲመጡ አያለሁ።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ወንድሜን፣ ጺም አበቀልኩ ብሎ የላከውን ፎቶ በማጉያም ብፈልግ አላገኘሁትም በይልኝ። አክስቴን፣ ተረቧ ናፍቆኛል በሏት። አንባቢዋ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ደብዳቤውን አጥፈሽ ከማስቀመጥሽ በፊት እናታችንን ግንባሯን ሳሚልኝ።

ልጅሽ
ከፋብሪካው ማዶ፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ እሑድ ጠዋት፣ መጋቢት 14 ቀን